ሳይጠይቁ የማይነሱት ሹፌር

ጋሽ እንድሪስ መሞታቸውን የሰማሁት ወልድያ፣ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ፣ ከባጃጅ ስወርድ ነው። የነገረችኝ አንዲት የመርሳ ሴት ናት። «ጋሽ እንድሪስ አረፉ» አለችኝ፤ እኔ ገና ክው ብዬ ቆሜ ሳለሁ «ደግሞ እኮ የትም አላሳከሟቸውም» ብላ ጨመረች። መሞታቸውን በአንድ ትንፋሽ ነግራኝ፣ አለመታከማቸውን ግን አስረድታ፣ ከንፈሯን መጥጣ፣ ራሷን ነቅንቃ ነው የጨረሰችው።

አልፈረድኩባትም። እኛ አገር ለቅሶ ቤት የገባ ሰው «ያጥናችሁ» ካለ በኋላ ቀጥሎ የሚጠይቀው «የት የት አሳከማችሁት?» ብሎ ነው። መልሱም ደረጃ አለው። «እዚሁ መርሳ» ካላችሁ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ ገደላችሁት ማለቱ ነው። ወልድያ ካላችሁ ደህና ነው። ደሴ ካላችሁ «ኧረ እናንተስ ደክማችኋል» ትባላላችሁ። አዲስ አበባ ከገባችሁበት ሰውየው ቢሞትም እናንተ አሸንፋችኋል። «ባንኮክ» የሚል ሰው ከተገኘማ ድንኳኑ በሙሉ ወደሱ ይዞራል፤ ሟቹም ይረሳል። እኔም በዚህ ጥያቄ ስንት ሐዘንተኛ አስጨንቄያለሁ። ምላሴ አያርፍም። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ ማንን የት እንዳሳከሙ ከፋይሎቹ ይልቅ በቃሌ ነበር የምይዘው።

ጋሽ እንድሪስ የዚህ ሁሉ ጉዞ ሹፌር ነበሩ። መርሳ ላይ አንዲት አሮጌ አባዱላ ሚኒባስ ነበረቻቸው። የመሃሉን ወንበሮች አስነቅለው ፍራሽ አንጥፈውባታል፤ ጣሪያዋ ላይ ግሉኮስ የሚንጠለጠልበት ሽቦ አጥፈው ሰክተዋል። ከከተማውም ከገጠሩም ከባድ በሽተኛ ሲኖር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሬሳም ሲሆን የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ከመሪው ኋላ ታጥፈው የሚቀመጡ ሰው ነበሩ። ሲነዱ ከመጠን በላይ ቀስ ይላሉ፤ የውጫሌን ዳገት ሲወጡ አህያ ቀደመቻቸው ብሎ የሚምል ሰው አለ። ይህን ሲነግሯቸው «ምናልባት እሷን የሚጠብቃት ሰው ይኖራል» ይላሉ።

«እኔ የምጭነው ቤተሰብ ነው፤ በሽተኛው አብሮ ይሄዳል» የምትል አነጋገር ነበረቻቸው። ሰው ይስቅላቸው ነበር እንጂ ምን ማለታቸው እንደሆነ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ሰው የማይስቅላቸው ሌላ ልማድ ደግሞ ነበራቸው። በሽተኛው ተጭኖ፣ ስንቁ ገብቶ፣ ሸኚው ተሳስሞ ካለቀ በኋላ ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ ዞረው የኋላውን በር ይከፍታሉ። በሽተኛው ራስጌ ቁጢጥ ይሉና «አንቱ ምን ይላሉ? እንሂድ ወይስ እንቅር?» ብለው ይጠይቃሉ።

ቤተሰቡ ይንጫጫል። «ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ይንዱት» ይባላል። «እናንተን አይደለም» ይላሉ ዞር ሳይሉ። በሽተኛው አብዛኛውን ጊዜ «እነሱ ያውቃሉ» ይላል። ያኔ በረዥሙ ይተነፍሱና ገብተው ሞተር ያስነሳሉ። በዚህ ልማድ የተነሳ ሟርተኛ ይሏቸው ነበር። መንገድ ሊጀመር ሲል እንቅር ወይ ብሎ መጠየቅ ገድ አይደለም ተብሎ፣ ሌላ መኪና እስከ ሐራ ሄዶ የሚፈልግ ቤተሰብም ነበር።

እኔ በቅርብ ያወቅኳቸው አባቴ ሲታመም ነው። አባዬ፣ አቶ ካሳው፣ መርሳ ዳር በመስኖ ሽንኩርትና ፓፓያ የሚያለማ ገበሬ ነበር። ምግብ አልዋጥልህ አለው። ወልድያ አሳየነው፤ ወልድያ ደሴ ላከን፤ ደሴ ካንሰር ነው አሉን፣ የጉሮሮው ቧንቧ ላይ ጀምሮ ጉበቱ ደርሷል። የነገሩን ለእኛ ነው። እኛም ወዲያው ኮሪደሩ ላይ ተማከርንና ለአባዬ «ጨጓራ ነው» ብለን ነገርነው።

ከዚያ በኋላ መርሳ በሙሉ የጨጓራው ጠባቂ ሆነ። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በር ላይ «ካንሰር ነው፣ እሱ ግን አያውቅም» እያልን እናስገባለን። ጠያቂው ገብቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጨጓራው እንዴት ነው?» ይላል። አንዱ ጥቁር አዝሙድ በማር ያዛል፣ አንዷ ጠበል፣ ሌላው አንድ አዋቂ ሼህ ጋ ውሰዱት ይላል። ውሃ ለመዋጥ ዓይኑ ለሚያነባ ሰው አጃ አብሉት ያለም አለ። አባዬ ሁሉንም «እሺ፣ ተባረኩ» እያለ ይሰማል።

ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። አባዬን በስልክ ነው ያስታመመው። በየቀኑ ይደውልና ኢንተርኔት ላይ ያነበበውን ያነብልናል፤ «ተስፋ አንቆርጥም» ይላል፤ ከዚያ ስብሰባ ገባሁ ብሎ ይዘጋል። ይህን ስል እኔ የተሻልኩ እንዳይመስላችሁ። አባዬን ለኬሞ ሦስት ጊዜ ደሴ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ጸጉሩ ሲረግፍ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ከእያንዳንዱ ኬሞ በኋላ ሁለት ሳምንት ያስመልሰዋል፣ አፉ ይቆስላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ቀና ብሎ ቦዩ ድረስ መራመድ ሲጀምር ቀጠሮው ይደርሳል። ያኔ እኔ ከወልድያ ፈቃድ ወስጄ፣ ጋሽ እንድሪስን ጠርቼ፣ ካቴናው ብቻ እንደቀረ ፖሊስ እመጣበታለሁ።

ከሦስተኛው ስንመለስ ሐይቅ ላይ ነዳጅ ልንቀዳ ቆምን። አባዬ ተኝቷል። «ጋሽ እንድሪስ፣ ይህን ሁሉ ሰው የሚጠይቁት ለምንድን ነው?» አልኳቸው። ማዳያው ጋ ያለውን ወረፋ እያዩ መለሱልኝ።

«እናቴን አራት ጊዜ አዲስ አበባ አመላልሻታለሁ። ልጇ ሹፌር፣ መኪናው የራሴ፣ ምን ሰበብ አለኝ? በአራተኛው ስንመለስ ‹ቤት ደረስን ወይ?› አለችኝ። ገና ኮምቦልቻ ነበርን። ‹ደርሰናል› አልኳት። ‹በሩን ክፈቱልኝ› አለች። የመኪናውን በር ከፈትኩላት። ወላሂ፣ አስፋልት ዳር ነው የሞተችው። ትሄጃለሽ ወይ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።»

አዘንኩላቸው። ነገሩን የእሳቸው ታሪክ ብቻ አድርጌ ሰማሁት፤ መርሳ እንደደረስን አባዬን ለአዲስ አበባ ማዘጋጀት ጀመርኩ።

የአዲስ አበባ ነገር የመጣው እንዲህ ነው። በሦስተኛው ጉዞ ሐኪሙ እኔን ጠርቶ፣ ጌታቸውም በስልክ እየሰማ፣ «መድኃኒቱ አልያዘውም። አዲስ አበባ ሌላ ዓይነት መሞከር ይቻላል፤ ግን...» አለ። እኛ «ይቻላል» የሚለውን ይዘን ተነሳን። ጌታቸው እዚያው በስልኩ ውስጥ ቀጠሮ ማፈላለግ ጀመረ፣ እኔም ወረቀቴን ሰብስቤ ደረጃውን እየወረድኩ ነበር። ሐኪሙ «ግን» ያለውን የት እንዳደረሰው አላወቅኩም።

የጉዞው ቀን ጠዋት ግቢያችን ሰርግ መስሏል። ድፎ ዳቦ ተደፍቷል፣ ጭኮ ተለውሷል፣ ቆሎ ተቆልቷል፤ ይህ ሁሉ ምራቁን መዋጥ ላቃተው ሰው ነው። ዘመድ ጎረቤቱ ሊሸኝ መጥቶ አጥሩን ሞልቶታል። አባዬን በጋቢ ጠቅልለን ፍራሹ ላይ አስተኛነው። ከመክሳቱ የተነሳ አንድ ሰው ነው ያነሳው። ጌታቸው በስልክ «ተነሳችሁ? ተነሳችሁ?» ይላል።

ጋሽ እንድሪስ ዞረው የኋላውን በር ከፈቱ።

«አቶ ካሳው፣ አንቱ ምን ይላሉ? እንሂድ ወይስ እንቅር?»

አባዬ እኔን አየኝ። «ልጆቼ ያውቃሉ» አለ።

ሁልጊዜ እዚህ ላይ ተንፍሰው ይነሱ ነበር። ያን ቀን በሩን ቀስ አድርገው መለስ አደረጉት፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፣ ሄደው አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «አልነዳም» አሉ።

ግቢው ተተራመሰ። «ነዳጅ አልቆ ይሆናል» ያለ አለ። አንዱ «ድሮም ገደቢስ ናቸው» ብሎ ሌላ መኪና ሊፈልግ ስልኩን አወጣ። እኔ ደሜ ፈልቶ ሄድኩባቸው።

«ጋሽ እንድሪስ፣ እርስዎ ሹፌር ነዎት እንጂ ሐኪም አይደሉም» አልኳቸው።

«ልክ ነሽ። ሐኪሙ ያለውን ግን ልጨርስልሽ? አንቺ ደረጃው ላይ ስትደርሺ እኔ ሐኪሙ በር ላይ አባትሽን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ እያስቀመጥኩ ነበር። ‹ግን ዕድሜ አይጨምርለትም፣ ስቃይ ነው የሚጨምርበት፣ እኔ አባቴ ቢሆን ቤቱ እወስደው ነበር› አለ። ከእናንተ ማንም ስላልቀረ ጠጋ ብሎ ለእኔ ነው የነገረኝ።»

እንዲያም ሆኖ እልሄ አልበረደም። «አባዬ እኮ መዳን ይፈልጋል፤ ጨጓራ ነው ብሎ ነው የሚያስብ፣ እንዴት አድርገን...»

«ትርንጎ» አሉኝ። በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር። «አባትሽ ካንሰር መሆኑን ያውቃሉ። የመጀመሪያው ጉዞ ላይ፣ አንቺ እንቅልፍ ወስዶሽ ሳለ፣ ውርጌሳ ላይ ነገሩኝ። ‹ልጆቼ ቅር እንዳይላቸው ነው የምሄድላቸው፤ እንዳትነግርብኝ› ብለው አደራ አሉኝ። ይኸው ሦስት ጊዜ ደሴ አመላልሻቸዋለሁ አደራቸውን ይዤ። ዛሬ በላሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፣ መኪናው ውስጥ ገብቼ አባዬ ራስጌ ተቀምጫለሁ።

«አባዬ፣ ጨጓራ አለመሆኑን ታውቃለህ?»

«እናንተም ታውቃላችሁ እንዴ?» አለ፣ እንደ መደንገጥ ብሎ። እኔን አይቶ ፈገግ አለ። «ደሴ የገባንበት ክፍል በሩ ላይ ተጽፎ የለ? መሠረተ ትምህርት የተማርኩት ለምን ይመስልሻል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ኮሪደሩ ላይ ስታለቅሺ አየሁሽ። ፊትሽን ታጥበሽ መጣሽና ‹ጨጓራ ነው አባዬ› አልሽኝ። ይህን ያህል ደክመሽበት እንዴት አይደለም ልበልሽ?»

አለቀስኩ። ግቢው በሙሉ በመስኮት ያየኛል። ጌታቸው ስልኩ ውስጥ «ምንድን ነው? ለምን አልተነሳችሁም?» እያለ ይጮሃል። ሹፌሩ የጠየቁትን ጥያቄ እኔ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ጠየቅኩት። «አባዬ፣ አንተ ምን ትላለህ? እንሂድ ወይስ እንቅር?»

ጣሪያው ላይ የተሰካውን የግሉኮስ ሽቦ አየ። «ልጄ፣ ደክሞኛል። አውርዱኝ» አለ።

ስልኩን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። ጌታቸው ስለ አዲሱ መድኃኒት ማስረዳት ሲጀምር አስጨረሰውና «ጌታቸው፣ እኔ አልመጣም። አንተ ና» አለው። ጌታቸው በማግስቱ መጣ። ስብሰባው እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

አባዬ ተመልሶ አልጋው ላይ ሲተኛ ሸኚው ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፍቶት ጥቂት ቆመ። ከዚያ ዳቦው ተቆረሰ። ለአዲስ አበባ የተዘጋጀው ስንቅ ከምሳ በፊት አለቀ። ጭኮውን እየበሉ «እንዴት አባታቸውን ያስቀሩታል?» ይባባሉ ነበር።

አባዬ ከዚያ በኋላ አርባ ቀን አልሞላም። እንዳልዋሽ፣ ቀኖቹ ቀላል አልነበሩም፤ ያመው ነበር። ጋሽ እንድሪስ ደሴ ሰው ባደረሱ ቁጥር ሐኪሙ ያዘዘለትን የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ ያመጡለታል። አልጋውን ከፓፓያው ሥር አወጣንለት። ጌታቸው ገላውን ያጥበዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ የውሃ ተራችን ሲደርስ አባዬ ጋሽ እንድሪስን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ውሃው ሽንኩርቱ ውስጥ ሲገባ እያየ፣ ከላይ ያለው ጎረቤት ቦዩን ቀድሞ ዘጋብን ብሎ ይሳደባል። እንዲህ ሲቆጣ ካየሁት ወራት ሆኖኝ ነበር። ደስ አለኝ። ሐሙስ ቀን ረፋዱ ላይ፣ እኔና ጌታቸው አጠገቡ ሳለን አረፈ።

ለቅሶው ላይ ጥያቄው መጣ። «የት የት አሳከማችሁት?» «ደሴ» አለ ጌታቸው። «አዲስ አበባስ?» «አልሄደም። ቤቱ ነው የሞተ።» የአንዲት ሴትዮ ከንፈር ሲመጠጥ ተሰማ። ከሰዓት በኋላ ወሬው ተስተካክሎ መጣ፤ ሹፌሩ ናቸው አሉ የከለከሉት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የጋሽ እንድሪስ ሚኒባስ ፍራሿን እንዳነጠፈች መናኸሪያው ዳር ቆማ ትውል ነበር። አንድም ቀን «አቶ ካሳው ራሳቸው እኮ ናቸው እንቅር ያሉት» ብለው ለሰው ሲያስረዱ አልሰማሁም። ሳገኛቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ጎማዬ አረፈ» ይሉኛል።

ባለፈው ዓመት እሳቸው ታመሙ። ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ ሆዳቸው ተነፋ፤ ወልድያ ጉበት ነው፣ ብዙ ሄዷል ተባለ። ትልቁ ልጃቸው ደወለልኝ። «እትዬ ትርንጎ፣ አዲስ አበባ ልንወስዳቸው ነው፤ እንቢ ብለዋል። የመኪናቸውንም ቁልፍ ደብቀውታል። አንቺን ይሰሙሻል፣ ነይና አሳምኚልን» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት መርሳ ገባሁ። ከደሴ የተከራዩት ሚኒባስ በር ላይ ቆሟል፣ ፍራሽ ተነጥፎበታል፣ ሸኚው አጥሩን ሞልቶታል።

መንገዱን ሙሉ ምን እንደምላቸው አውጥቼ አውርጄ ነበር። እኔ የገባኝ ሰው ነኝ፤ ጠይቄ፣ ሰምቼ፣ እጃቸውን ስሜ እወጣለሁ ብያለሁ። ገብቼ ሳያቸው ያ ረዥም ሰው አልጋው ውስጥ ጠፍተዋል። አፌን ስከፍት የወጣው «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደሴ ድረስ እንኳ ቢሞክሩት?» የሚል ነው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። «አንቺም?» አሉኝ።

አፈርኩ። ግን ደግሜ ለመንኳቸው፣ ምን ላድርግ፤ እንዲሞቱብኝ አልፈለግኩም። ለአባቴ የቆሙልኝ ሰው ናቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ወዳጅ ነው እንዲህ የሚለው፤ ጠላትማ ምን ቸገረው። ስንቱን እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ።» ትንሽ አረፉና «በይ፣ እህ?» ብለው ጠበቁኝ።

«እርስዎ ምን ይላሉ?» አልኳቸው በግድ።

«እኔ እቀራለሁ። ለልጆቹ ንገሪልኝ። እኔ ስነግራቸው ‹በሽታው ነው የሚያናግራቸው› ይላሉ።»

ወጣሁ። ግቢው ሁሉ ዓይኑን ጣለብኝ። «አይሄዱም። እሳቸው ናቸው ያሉት፣ ልባቸው ደህና ነው፣ ጠይቄያቸዋለሁ» አልኩ። ሴቷ ልጃቸው ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ትልቁ ልጃቸው ተጠጋኝና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የራስሽን አባት የገደልሽው አንሶሽ ነው?» አለኝ። በሩ ላይ እንደቆምኩ ቆየሁ። ገፍቶኝ ሊገባ ይችል ነበር፤ አልገባም፤ ግንቡን ተደግፎ ያለቅስ ጀመር። የተከራየው ሹፌር ሰዓቱን አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ልጆቹ አየ። ከዚያ ሚኒባሱን አዙሮ ባዶውን ወደ ደሴ ተመለሰ።

ስገባ ጋሽ እንድሪስ ዓይናቸውን ጨፍነው የሞተሩን ድምፅ እያዳመጡ ነበር።

«ሄደ?» አሉኝ።

«ሄደ።»

«ፍሪሲዮኑ ላይ እግሩን አሳርፎ ነው የሚነዳ፤ ውጫሌ ሳይደርስ ይበላዋል» አሉ። ከዚያ ትራሳቸውን ከፍ እንዳደርግላቸው ጠየቁኝ።